አፈሙዙ ይቀየር ወይስ ይጽዳ? የአሮጌ ምንሽር ማጽጃና ማቆያ መመሪያ

«የአባቴ ምንሽር አፈሙዙ አልቋል፣ የት ላስቀይረው?» ይሄ ጥያቄ ማብቂያ የለውም። ከባህር ዳርም ይመጣል፣ ከዘጌም፣ ከደልጊም፣ ከቁንዝላም። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ይብሳል። ሰው ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ክረምቱ ምን እንደሠራው የሚያየው ያኔ ነው። በየጊዜው ከባዶ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። «አለቀ» ከሚባለው አፈሙዝ (ቧንቧውን በሙሉ ማለቴ ነው) ብዙው አላለቀም፣ ቆሽሿል። የቀድሞ ባሩድ ጥላሸት፣ ዝገትና የደረቀ ዘይት ተደራርበው ውስጡን አጥቁረውታል። እሱ ሳይወጣ አፈሙዙ ደህና ይሁን አይሁን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ መፍረድ። በእውነት ያለቀ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚደረግም መሃል ላይ አለ።

መመሪያው ሰው በጅምላ ምንሽር ለሚላቸው፣ ማቀባበያ ላላቸው የድሮ ጠመንጃዎች ነው፦ ቤልጅግን (የቤልጅየም ሥራውን) ጨምሮ ለማውዘር ዓይነቶች፣ ለጣሊያኑ ሞዴል 91 እና በጥንቃቄ ለድሮው የፈረንሳይ ጠመንጃ ለውጅግራ። ማቀባበያ የምለው እጀታ ያለውን፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደውን ብረት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀቱ ይቅደም። የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው። ፈቃድ ከሌለ ከዘይትና ከጨርቁ በፊት የምትሄዱት ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ነው። በብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ደግሞ እንዳትነኩ። ፈቃዱ የሚመሳከረው በሱ ነው፤ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የደበዘዘ ቁጥር ጣጣው ብዙ ነው።

ጊዜውም ይመረጥ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጣና ዳር ምንም ነገር በቅጡ አይደርቅም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው፦ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ ከወጣ በኋላ አንዴ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ነጭ ጋዝ (ላምባ)፣ ግማሽ ሊትር
- የስፌት ማሽን ዘይት፣ አንድ ትንሽ ጠርሙስ
- ግሪስ፣ ጣት የምታህል
- የተልባ ዘይት (ለእንጨቱ ብቻ) እና ትንሽ አኳራጅ
- አቡጀዲ፣ አንድ ሜትር ይበቃል። ለማውዘር በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ለጣሊያኑ በ3 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን እየቆረጣችሁ አዘጋጁ
- ጠንካራ የናይሎን ገመድ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ዓሣ አስጋሪዎች ለመረብ የሚጠቀሙበት የተጎነጎነው ገመድ ለዚህ የተሠራ ይመስላል
- ከተገኘ የነሐስ ወይም የናስ ክብ ብሩሽ፣ ለአፈሙዙ ልክ የሆነ
- የቆየ የጥርስ ብሩሽ
- ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ
- ለብሎኑ በልኩ የሆነ ካቻቢቴ
- የጎማ ቱቦና ማጥለያ፣ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ የጠርሙስ ቡሽ

ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ልብ በሉ። ፌሮ የለም፣ ብርጭቆ ወረቀት የለም፣ ሎሚ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ቫርኒሽ የለም። ለምን እንደሌሉ በየቦታቸው እመጣባቸዋለሁ።

1. ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ቢወጣ አፈር ወደሚይዘው አቅጣጫ አዙሩ። ጣታችሁ ከቃታው ይራቅ። ማቀባበያውን ከፍታችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። ጥይቱ የሚጎርስበትን ቀዳዳ በባትሪ እዩ፣ ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ። ዓይን ጨለማ ቦታ ያታልላል፣ ጣት ግን አያታልልም። ከስር ያለው የጥይት ማጠራቀሚያም በጣት ይዳሰስ።

በቤቱ ያለው ጥይት በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። ልጆችም እንደዚሁ።

ጥይት ጎርሶ ተጣብቆ የቀረ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። በዘንግ አትግፉት፣ አትቀጥቅጡት፣ በሙቅ ውሃም አትሞክሩት። ማቀባበያውን ሳትዘጉ ፈቃድ ወዳለው ባለሙያ ወይም ወደ ፖሊስ ነው የሚኬደው። ሃምሳና ስልሳ ዓመት የተቀመጠ ጥይት ስላረጀ አይፈነዳም ማለት አይደለም።

2. ፎቶ አንሱ

ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከስር። እያንዳንዱን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊትም አንሱ። ስትገጣጥሙ «ይቺ ከየት መጣች?» ከማለት ያድናል። ሌላም ጥቅም አለው፦ አንዳንዱ ማውዘር አናቱ ላይ የአንበሳ ምልክት አለው። ከዝገቱ ስር ምን እንዳለ ሳታዩ መፈግፈግ እንዳትጀምሩ ፎቶውን አጉልታችሁ ተመልከቱ።

3. ማቀባበያውን አውጡ

በማውዘር ከሆነ በግራ በኩል፣ ከኋላ፣ አንድ የምትሳብ ትንሽ ብረት አለች። እሷን ወደ ውጭ በአውራ ጣት ስባችሁ ይዛችሁ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስትስቡት ይወጣል። በጣሊያኑ ሞዴል 91 ማቀባበያውን ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ ቃታውን ወደ ኋላ ይዛችሁ ትስቡታላችሁ። የውጅግራው በብሎን ስለሚያዝ፣ ብሎኑ እሺ ካላለ አታስገድዱት። ክፍት እንደሆነ ይጽዳ።

ማቀባበያውን ራሱን አትበታትኑት። ውስጡ ያለው ሞላ ኃይለኛ ነው፤ ሲያመልጥ ዓይን ነው የሚፈልገው። እንዳለ ላምባ ውስጥ ይንከር፣ በጥርስ ብሩሽ ይታሽ፣ ይድረቅ፣ ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።

ቤት ውስጥ ሁለት ጠመንጃ ካለ ማቀባበያዎቹ እንዳይቀያየሩ። ይሄ ቀልድ የለውም። ቢገጥም እንኳ አይተኮስበትም። እያንዳንዱ ማቀባበያ ከራሱ አፈሙዝ ጋር ተለክቶ የተገጠመ ነው። ክፍተቱ በጥቂቱ ቢዛባ ቀለሁ (የጥይቱ ቅርፊት) ተቀዶ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

4. ብረቱን ከእንጨቱ ለዩ

ለምን አስፈለገ? የከፋው ዝገት የሚደበቀው እዚህ ነው። ከላይ የሚያበራ ጠመንጃ፣ እንጨቱ ሲነሳ አፈሙዙ ከስር ቅርፊት አብቅሎ ይገኛል። እንጨት እርጥበት ይይዛል፣ የያዘውን ደግሞ ለተደገፈው ብረት ይሰጣል።

ከስር፣ ከቃታው ፊትና ኋላ፣ ሁለት ዋና ብሎኖች አሉ። በማውዘር ላይ አጠገባቸው ትንንሽ ጠባቂ ብሎኖች ይኖራሉ። መጀመሪያ የሚፈቱት እነሱ ናቸው፤ ረስታችሁ ትልቁን ካስገደዳችሁ አናቱ ይበላል። ፊት ለፊት አፈሙዙንና እንጨቱን አንድ ላይ ያሰሩት ቀለበቶችም ይወጣሉ።

የካቻቢቴው ምላስ የብሎኑን ስንጥቅ ጥርቅም አድርጎ መሙላት አለበት። የቀጠነ ካቻቢቴ ብሎን ይበላል፣ አንሸራቶም እጅ ይወጋል። አልፈታ ካለ ላምባና የስፌት ማሽን ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ ጠብ አድርጉበትና እስከ ነገ ተዉት። ነገም እምቢ ካለ እንደገና ጠብ አድርጉ። መዶሻ ይዞ መነሳት ግን ሰደፉን መሰንጠቅ ነው ትርፉ።

5. አፈሙዙን በውስጡ እዩት

በማቀባበያው በኩል ነጭ ወረቀት አስቀምጡና ባትሪ አብሩበት። ከፊት በኩል ተመልከቱ። ማቀባበያው ወጥቶ እጃችሁ ላይ ካልሆነ በቀር በአፈሙዝ ጫፍ መመልከት ክልክል ነው።

አሁን የምታዩት ምናልባት ጥቁር ቱቦ ብቻ ነው። አትደንግጡ፣ ፍርድም አትስጡ። የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብርሃኑ ጠቅላላ ይገባል ወይ? ካልገባ የተወተፈ ነገር አለ። የተርብ ቤት፣ የተረሳ ጨርቅ፣ ወይም ከዚያ የባሰ፣ ሳትወጣ የቀረች እርሳስ (የጥይቱ አናት) ሊሆን ይችላል። የተርብ ጭቃ በላምባ ይለሰልሳል። እርሳስ ከሆነች ለባለሙያ ተዉት።

6. ማራስና መሳብ

ሥራው እዚህ ነው ያለው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

የማቀባበያውን በኩል በቡሽ ድፈኑ። አፈሙዙን ወደ ላይ አቁማችሁ ላምባ ሙሉበት። ከስሩ አሮጌ ሳህን ይቀመጥ፣ ቡሽ ያፈሳል። እንዲህ ሆኖ ይደር። ላምባው ቀስ እያለ በዝገቱና በብረቱ መሃል ይገባል። በማግስቱ ከሳህኑ ላይ የምታገኙት ፈሳሽ የጠጅ አተላ ይመስላል።

አሁን ገመዱን አዘጋጁ። ከአፈሙዙ ሦስት እጥፍ የሚረዝም ይሁን። መሃሉ ላይ የጨርቅ ማሰሪያ ቋጠሮ አብጁ። አንዱ ጫፍ ላይ አፈሙዙን የሚያልፍ ትንሽ የመዳብ ቁራጭ ለክብደት እሰሩ። በማቀባበያው በኩል ጣሉት፣ በፊት በኩል ይውጣ። ላምባ የነካ አቡጀዲ ቋጠሮው ላይ አጥልቁና በፊት በኩል ሳቡ።

ለምን በዘንግ አልሆነም? ሊሆን ይችላል፣ ትክክለኛው የመወልወያ ዘንግ ካላችሁ። ችግሩ ሰው የሚያገኘው ፌሮ ነው። ፌሮ ሸካራ ነው፣ ጎርባጣ ነው፣ ከፊት በኩል ሲገባ የአፈሙዙን ጫፍ ይፍቀዋል። ጥይት በቀጥታ የሚሄደው በዚያ ጫፍ ክብነት ነው። ጫፉ በአንድ በኩል ከተበላ ጠመንጃው ከዚያ ወዲያ በቀጥታ አይመታም። ከጦር ሜዳ የተረፈ ስንት አፈሙዝ ነው ቤት ውስጥ በማጽዳት የተበላሸው።

ሸምበቆም አይሆንም። ይሰነጠቅና ቁራጩ ውስጥ ይቀራል።

ገመዱን ስትስቡ ሦስት ነገር ያዙ።

ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ወደ ጎን ከተሳበ ገመዱ ጫፉን ይበላዋል። በተለይ አሸዋ ከነካው።

ጨርቁ ጠበቅ ብሎ ይለፍ እንጂ አይወተፍ። ከተወተፈ ለዚህ ነው ገመዱን ሦስት እጥፍ ያደረግነው፦ ከኋላ የቀረውን ጭራ ይዛችሁ መልሳችሁ ትስቡታላችሁ። ጭራ የሌለው ገመድ መሃል ላይ ቢበጠስ ጉድ ነው።

አንድ ጨርቅ አንዴ ብቻ ይለፍ። የቆሸሸውን መልሳችሁ ብትስቡት ያወጣችሁትን ዝገት መልሳችሁ እየፈጫችሁበት ነው።

የሚወጣው ጨርቅ ይናገራል፣ አንብቡት። ቀይ ቡና ዓይነት ከሆነ ዝገት ነው። ጥቁር ከሆነ የባሩድ ጥላሸት ወይም የደረቀ ዘይት ነው። አረንጓዴ ቢጤ ከሆነ ከጥይቶቹ የተረፈ መዳብ ነው። በአምስትና በስድስት ጨርቅ ይነጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ሲቸግር እንደገና ላምባ ሞልታችሁ አሳድሩት። ሁለት ሦስት ሌሊት የሚወስድ አፈሙዝ ብርቅ አይደለም። በመሃል ብሩሹ ካላችሁ በላምባ ነክራችሁ ወዲያና ወዲህ አድርጉት፤ ነሐስና ናስ ከብረቱ ስለሚለሰልሱ ዝገቱን እንጂ አፈሙዙን አይጎዱም። የብረት ሽቦ ብሩሽ ግን አይግባ።

7. በሙቅ ውሃ ማጠብ

ሰው ሁሉ የሚደነግጠው እዚህ ነው። «ብረት ላይ ውሃ? አበድክ እንዴ!» ይሉኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በድሮ ጥይቶች እሳት መጫሪያ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲቃጠል ጨው ይተዋል። የወጥ ጨው ወንድም በሉት። ይሄ ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ አፈሙዙን ከውስጥ ይበላዋል። ላምባም ቤንዚንም ዘይትም ጨውን አያሟሙም። ዘይቱ ከላዩ ይሸፍነዋል፣ እሱ ከስር መብላቱን ይቀጥላል። «በየዓመቱ ዘይት እየቀባሁት ለምን ዛገ?» የምትሉኝ ሰዎች መልሳችሁ ይሄ ነው። ጨውን የሚያሟማው ውሃ ነው።

ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ አፍሉ። ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው። ይበቃል። ማጥለያውን ከጎማ ቱቦው ጋር አያይዛችሁ በጥይት መጉረሻው በኩል አስገቡ፣ አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቁ፣ ሳትቆርጡ አፍስሱ። ጓንት አድርጉ፤ ብረቱ ያቃጥላል። መጋሉ ግን ጥሩ ነው፦ የጋለ ብረት የቀረውን ጠብታ ራሱ ያደርቀዋል። ቀዝቃዛ ውሃ እንዲህ አያደርግም፣ ለዚህ ነው የምናፈላው።

ወዲያው ደረቅ አቡጀዲ አሳልፉ፣ ደግማችሁ አሳልፉ። ብረቱ ሞቅ እንዳለ የስፌት ማሽን ዘይት የነካ ጨርቅ ሳቡበት። «ነገ እቀባዋለሁ» የለም። ባዶ ብረት በጣና ዳር አየር አንድ ሌሊት ይበቃዋል ለመዛግ።

ጠመንጃው እንጨቱ ላይ እንዳለ ከሆነ ይህን አትሞክሩ። ውሃው ከእንጨቱ ስር ይገባና አዲስ ዝገት ትጀምራላችሁ።

አሁን ፍረዱ

ባትሪውን መልሳችሁ አብሩ። አፈሙዙ ውስጥ የሚጠማዘዙ መስመሮች አሉ። ጠርዛቸው ቁልጭ ብሎ ከታየ፣ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ቢኖር እንኳ፣ አፈሙዙ አላለቀም። መቀየር የሚባል ነገር እርሱት።

ያለቀ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። መስመሮቹ ሟሙተው ለስላሳ ቱቦ ከሆነ። ጉድጓዶቹ እርስ በርስ ተያይዘው የፈንጣጣ ፊት ከመሰሉ። ውስጡ ላይ ጥቁር የቀለበት ጥላ ካለ፣ በውጭም በጣት ሲዳሰስ እብጠት ካለ። ወይም ስንጥቅ ከታየ። መጨረሻዎቹ ሁለቱ የማያሻሙ ናቸው፦ ያ ጠመንጃ አይተኮስም። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለሙከራም።

ታዲያ ለምን ቤት ውስጥ ወይም ቶርኖ ቤት አይቀየርም? አፈሙዙ የተበየደ ቧንቧ አይደለም፤ በፋብሪካ በከባድ ኃይል ተጠምዝዞ የገባ ነው። ሰማንያና ዘጠና ዓመት ሳይነካ ኖሯል። ሞርሳ ላይ አስራችሁ በኪያቢ ስትጠመዝዙት አፈሙዙ ሳይሆን የያዘው አካል ነው የሚጠመዘዘው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ይዞ ይቀራል። ወጣ እንበል። አዲሱ ሲገባ በማቀባበያው ፊትና በጥይቱ መቀመጫ መሃል ያለው ክፍተት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው የሚለካው፣ ለየጥይቱ በተሠራ መለኪያ። በግምት አይሆንም። የማውዘሩ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት እስከ 3,900 ባር ግፊት ይፈጥራል። የመኪና ጎማ ሁለት ባር ከምናምን ነው። ያ ሁሉ ግፊት የሚያዘው በዚያች ክፍተት ትክክለኛነት ነው፣ የተኳሹ ጉንጭ ደግሞ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ አለ።

ስለዚህ ቶርኖ ቤት «አምጣው፣ አስገባልሃለሁ» ቢሏችሁ እሺ እንዳትሉ። ይህ ፈቃድና መለኪያ ያለው የጦር መሣሪያ ባለሙያ ሥራ ነው። ያለቀውን አፈሙዝ ማንሳት አያስፈልግም፤ ጠመንጃው እንደ ቅርስ ይቀመጥ። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ለእሱም እኩል ይሠራሉ።

8. የውጩን ብረት መጥረግ

ሁለት ዓይነት ቀለም አለ፣ ለዩአቸው። ብርቱካንማ፣ በጣት ሲነካ የሚበንነው ንቁ ዝገት ነው። እሱ ይወጣል። ጥቁር ቡና፣ ለስላሳ፣ ከብረቱ ጋር አንድ የሆነው ግን ይተው። እሱ ብረቱን ለብሶ የሚጠብቅ ሽፋን ነው፤ ከገፈፋችሁት ከስሩ ያለው እርቃን ብረት በሳምንቱ ይዝጋል።

ቦታውን በስፌት ማሽን ዘይት አርሱት፣ ለሰዓታት ተዉት። የመዳብ ሽቦውን ጫፉን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ እንደ ትንሽ ምላስ አብጁት። በእሱ ፋቁ። መዳብ ከብረት ይለሰልሳል፣ በዘይት የላላውን ዝገት ለማንሳት ግን ይበቃል። ስለዚህ ዝገቱ ሲነሳ ብረቱ አይጫርም። ዘይቱ እየጠቆረ ሲመጣ በጨርቅ ጥረጉ፣ አዲስ ጨምሩ፣ ቀጥሉ። ቁጥርና ምልክት ያለበት ቦታ ላይ የጥርስ ብሩሽ ብቻ።

ሎሚና ኮካ ዝገት ያነሳሉ፣ እውነት ነው። አሲድ ናቸውና የድሮውን ጥቁር ቀለምም አብረው ያነሱታል። በየስንጥቁ የቀረው አሲድ ደግሞ መብላቱን አያቆምም። ብርጭቆ ወረቀትም እንደዚሁ፤ አንድ ከሰዓት ያብለጨልጭላችሁና በኋላ ፀፀት ነው።

9. እንጨቱ

በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና እሹት፣ ወዲያው አድርቁት። ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆይ። ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ይሰነጠቃል።

የተልባ ዘይትና አኳራጅ እኩል ቀላቅሉ። አኳራጁ ዘይቱን አቅጥኖ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጠርጋችሁ አንሱ። ወፍራም ከሆነ አይደርቅም፣ ዝንብ የሚይዝ ሙጫ ይሆናል። በየጥቂት ቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። አፈሙዙ የሚያርፍበትን የውስጡን ቦይ አትርሱ። እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ማጋነን አይደለም፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን ያፍነዋል። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። አኳራጁና ላምባውም ከምድጃው ይራቁ።

ቫርኒሽ የለም ያልኩት ለዚህ ነው፦ ከላይ ይዘጋል፣ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፣ ከዓመት በኋላም ይላላጣል።

10. መግጠም

እንጨቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። ከስር በኩል፣ ብረትና እንጨት በሚገናኙበት ሁሉ፣ ስስ ግሪስ ቀቡ። መጀመሪያ የፊተኛው ዋና ብሎን ይጥበቅ፣ ቀጥሎ የኋለኛው፤ ብረቱ ቦታው ላይ በልኩ የሚቀመጠው እንዲህ ነው። ጠባቂ ብሎኖቹን መልሱ። ፎቶዎቹን እዩ። ማቀባበያውን ስታስገቡ በሁለት ጣት መንሸራተት አለበት፤ ካልሄደ የተገለበጠ ነገር አለ፣ አትግፉት።

11. አቀማመጥ

ሥራችሁ ሁሉ የሚከሸፈው እዚህ ነው።

ቅቤና የምግብ ዘይት ብረት ላይ አይቀባ። ቅቤ ሲበላሽ ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጣው ብረት ይበላል። የኑግ ዘይት ደግሞ እየደረቀ ማቀባበያውን እንደ ማስቲሽ ያጣብቀዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አይሆንም። ሞተሩ ውስጥ የሰበሰበውን ቆሻሻና አሲድ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቆዳ ማህደር ውስጥ አታኑሩት። ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ለማኖር ግን አይሆንም። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ የተለፋበት ነገርም ብረት ይነካል። ዝናር ውስጥ የቆየ ቀለህ አረንጓዴ የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በፕላስቲክ መጠቅለልም ያው ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልበዋል።

ጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይሰቀል። ክረምት ግድግዳው ራሱ እርጥብ ነው። ከግድግዳው ጥቂት ጣት የሚያርቅ የእንጨት መስቀያ ይኑረው። ማድ ቤት አጠገብም አይሁን፤ ጭስና እንፋሎት ተባብረው ይጨርሱታል። ከሁሉ የሚሻለው የሚቆለፍ ደረቅ የእንጨት ቁም ሳጥን ነው፣ ማቀባበያውና ጥይቱ ለየብቻ ሌላ ቦታ ተቆልፈው። ልጅ ባለበት ቤት ይህ ምርጫ አይደለም።

እርጥበት ይስብልኛል ብላችሁ ሩዝ የምታስቀምጡ አላችሁ። የፎገራ ሩዝ ለምሳ ነው፣ ለዚህ አይረባም። ከጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን የምትወጣዋ ትንሽ ከረጢት ትሻላለች፣ ግን አንዲቱ ቁም ሳጥን አታደርቅም፤ ሰብስባችሁ ብዙ አድርጓት።

አፈሙዙን በጨርቅ አትወትፉ። አየር ከልክሎ እርጥበት ያስቀራል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ይረሳና ሰው ይተኩስበታል። ከብናኝ ለመከላከል አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል፤ የተረፈ ዘይትም ወደ እንጨቱ ሳይወርድ በአፈሙዙ ጫፍ ይወጣል።

ካስቀመጣችሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ነጭ አቡጀዲ ሳቡበት። ነጭ ሆኖ ከወጣ በስስ ዘይት መልሱትና እስከ ሚቀጥለው ወቅት ተዉት። ቡናማ ከሆነ ጨው ቀርቷል ማለት ነውና ደረጃ 7ን ድገሙ።